የታደሰ ሞተር የመጀመሪያ ኪሎ ሜትሮች

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ከሬትፊካ ቤት (ያረጀ ሞተር በማሽን ተሞርዶ ከሚታደስበት) ተመልሶ በቅርቡ መኪናዬ ላይ ስለተገጠመ ሞተር ነው። መኪናዋ ኮሮላ ዲኤክስ ስትሆን ሞተሯ 4ኬ የሚባለው የ1,290 ሲሲው ነው። ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መቀየር እንደሚፈጥን አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሊብሬው የሞተር ቁጥር ሳይለወጥ የራሷ ሞተር እንዲታደስ መረጥሁ። ሲሊንደሮቹ ሰፍተው፣ ፒስተኑ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እና ብሮንዙ (ዘንጉ የሚዞርበት ማቀፊያ) በአዲስ ተተኩ።

የገጠሙልኝ አዛውንት መካኒክ ለማስነሳት አልቸኮሉም። የፍሪሲዮኑን ሸራ መሃል አስይዘው ካምቢዮውን ካገናኙ በኋላ ካንዴላዎቹን በሙሉ ፈቱና ዘይቱ በየብሮንዙ እስኪደርስና የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ሞተሩን በሞተሪኖ (በማስነሻው) ብቻ አዞሩት። ይህን ጥንቃቄ በጣም አከብራለሁ፤ ምክንያቱም አዲስ ብሮንዝ ያለ ዘይት የሚዞርባቸው ጥቂት ሰከንዶች የሬትፊካውን ሥራ ሁሉ ሊያበላሹ ይችላሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሮዳጅ፣ ማለትም አዲሶቹ ክፍሎች እርስ በርስ እንዲላመዱ የሚደረገው የመጀመሪያ አነዳድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በየጋራዡ የሚሰማው ምክር ሞተሩ ግማሽ ቀን በሚኒሞ (ቆሞ በዝቅተኛ ዙር) ይሥራ፣ ከዚያም ለሳምንታት ነዳጅ ሳይረገጥ ይነዳ የሚል ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበትን ሞተር ማንም እንደሚሳሳለት ይገባኛል፤ ሆኖም ይህ ዓይነቱ ስስት ሞተሩን ይጎዳዋል።

በሬትፊካ ቤት የሲሊንደሩ ግድግዳ ሆን ተብሎ በተጠላለፉ ቀጫጭን ጭረቶች ሻካራ ይደረጋል። ጭረቶቹ ዘይት ይይዛሉ፤ ሹል ጫፎቻቸው ደግሞ ፋሻው የግድግዳውን ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ ይሞርዱታል። ፋሻውን ከግድግዳው ጋር አጥብቆ የሚያገናኘው የራሱ ውጥረት ብቻ ሳይሆን፣ ነዳጁ ሲቃጠል የሚፈጠረው ጋዝ ከጀርባው ገብቶ የሚገፋው ግፊት ጭምር ነው። በሚኒሞ ይህ ግፊት ደካማ ስለሆነ ግድግዳው ላይ የቀረው ዘይት እየተቃጠለ እንደ መስታወት የለሰለሰ ሽፋን ይሠራል፤ ፋሻውም ሳይቀመጥ ይቀራል። ያን ጊዜ መፍትሔው ሞተሩን እንደገና አውርዶ ግድግዳውን ማሻከር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ስለሚያንስ፣ እዚህ በፍርሃት የሚነዳ ሞተር የሚያገኘው ግፊት ይበልጥ ያነሰ ነው።

ባልቦላዎቹን (የሲሊንደሩን የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ ክዳኖች) ለሚከፍተው ለካም ሻፍቱም ሚኒሞ አይስማማውም። በ4ኬ ካም ሻፍቱ ከብሎኩ ውስጥ ሆኖ ባልቦላዎቹን በዘንግ የሚገፋ ሲሆን፣ አዲስ ካምና አዲስ ገፊ በሚገጠሙበት ጊዜ የካሙ ጉብታዎች በዋናነት ዘይት የሚያገኙት ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ከሚረጨው ነው፤ በሚኒሞ ደግሞ ርጭቱ ያንሳል። ስለዚህ ሞተሩ ገና እንደተነሳ በደቂቃ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር እያለዋወጠ ለ20 ደቂቃ ያህል ሠራ፤ እኛም ዓይናችንን ከሙቀት መለኪያው ሳናነሳ ጉርኒሲዮኖቹ (የመጋጠሚያ ማሸጊያዎቹ) እንዳያፈሱ እንመለከት ነበር።

ለመንገዱ የአዳማን ፈጣን መንገድ ትቼ በሰንዳፋ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደውን መረጥሁ። በፈጣኑ መንገድ ፍጥነቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቆያል፤ ሮዳጅ የሚፈልገው ግን የሚለዋወጥ ጫና ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ በሦስተኛ ማርሽ ከ40 ወደ 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ጠንከር አድርጌ እረግጥና ማርሹን ሳላወጣ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ እለቃለሁ። በመርገጡ ፋሻው ከግድግዳው ይጣበቃል፤ በመልቀቁ ደግሞ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ዘይት ወደ ላይ አምጥቶ ያቀዘቅዘዋል። ከባድ ዕቃ መጫን፣ በከፍተኛ ማርሽ ዳገት እያስጨነቁ መውጣትና ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦ መቆየት ግን በዚህ ወቅት አይገባም።

የመጀመሪያው ዘይት የብረት ብናኝ ስለሚይዝ ከነፊልትሮው ቶሎ ይለወጣል፤ 1,000 ኪሎ ሜትር ላይም እንደገና። እስከዚያ የምጠቀመው ተራውን የማዕድን ዘይት ነው። የባልቦላው ክፍተት ዳግመኛ ይለካል፤ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ደግሞ ሞተሩ ሳይነሳ በየጠዋቱ አያለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረጃው ትንሽ ሲወርድ ነበር፤ አሁን መውረዱን አቁሟል፣ ከማርሚታውም ሰማያዊ ጭስ አይወጣም።