በቀበሌው ግድግዳ ላይ ምን ይለጠፋል?

[ምስል፦ በደቡብ ወሎ የአንድ ገጠር ቀበሌ ጽሕፈት ቤት፤ በሩ አጠገብ የተለጠፈ የስም ዝርዝር]

ተራኪ፦ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በታቀፉ የወሎ ቀበሌዎች፣ ለእርዳታ የተመረጡት ድሀ ሰዎች ስም በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ በግድግዳም ላይ ይለጠፋል። ይህ ተገቢ አሠራር ነው። ማን እንደተመረጠ ካልታወቀ፣ በዝምድና የገባውንም ሆነ ያለ አግባብ የተዘለለውን ድሀ ለይቶ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው አቤት ማለት አይቻልም።

[ምስል፦ ከስሙ ጎን ያለው ዓምድ በቅርበት]

አሳሳቢው ከስሙ ጎን የሚጻፈው ነው። መሥራት የሚችለው ሰው እርዳታውን ለማግኘት በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፤ በእርጅና፣ በአካል ጉዳት ወይም በማይለቅ ሕመም ምክንያት መሥራት የማይችለው ደግሞ ሳይሠራ የሚሰጠውን ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ዝርዝሩ «ቀጥታ ድጋፍ» ብሎ ቢያቆም ከምርጫው ግልጽነት የሚጎድል ነገር የለም። «ምክንያት» በሚለው ዓምድ ሥር የበሽታው ስም ከተጻፈ ግን፣ አንዲት እናት ለጤና ባለሙያ ብቻ የነገረችውን ገበያ የወጣ ሁሉ ያነበዋል፤ ነገ ልጇን ለመዳር ሽማግሌ ሲመጣም ያው ወሬ ይነሳባታል። ዛሬ ደግሞ ወረቀቱ በስልክ ተነሥቶ በቴሌግራም ከወረዳ ወረዳ ስለሚዞር፣ ዝርዝሩ ከግድግዳው ቢነሳም ጉዳቱ አይነሳም።

[ምስል፦ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል መስኮት]

በካርድ ክፍሉ መስኮት ወረፋ የያዘው ሕዝብ እየሰማ «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ብሎ ጮክ ብሎ መጠየቅም ያው ጥፋት ነው። ሠራተኛው ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል፤ የታካሚው ምስጢር ግን ወጥቷል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት ሲደነግግ፣ የመንግሥት ባለሥልጣናት ይህንኑ የማክበርና የማስከበር ግዴታ እንዳለባቸው ጭምር ጽፏል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ሰብሳቢው አካል ለታወቀ ዓላማ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ እንዲይዝ ያዛል፤ የጤና መረጃንም የበለጠ ጥበቃ ከሚሹት ይመድበዋል። ስለዚህ ጸሐፊው አንድ ዓምድ ከማስመሩ በፊት «ይህ ለምን ያስፈልገኛል?» ብሎ መጠየቁ የትሕትና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግ ግዴታው ነው።

[ምስል፦ ማመልከቻ የሚጽፉ እጆች]

ባለጉዳዩ ስለ እርሱ የተመዘገበውን የማወቅና ስህተቱን የማሳረም መብት አለው። መጀመሪያ መረጃውን ለያዘው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማመልከትና የማመልከቻውን ቅጂ ማስቀረት ይገባል፤ ሰሚ ከታጣ አዋጁን የማስፈጸም ሥልጣን ለተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል። በማመልከቻው ላይ የበሽታውን ስም መልሶ መጻፍ አያስፈልግም፤ ዝርዝሩ የተለጠፈበትን ቦታና ቀን ጠቅሶ «ከስሜ ጎን የተጻፈው የጤና መረጃ ይነሳልኝ» ማለት ይበቃል።