ድልድዩ ከመነደፉ በፊት የሚሻገረው ሰው ይጠየቅ

የተከበራችሁ የባሕር ዳር ነዋሪዎች፣ የተከበራችሁ የከተማ ፕላን ባለሙያዎችና መሐንዲሶች፣

በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። ከተሽከርካሪው ጎን ለብስክሌተኛውና ለእግረኛው መንገድ መለየቱ፣ በጠባቡ ነባር ድልድይ ላይ ከጭነት መኪና አጠገብ ትከሻውን ሰብስቦ ሲያልፍ ለኖረ የዓባይ ማዶ ሰው ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ከተማችን እየሰፋች ስለሆነ ግን ሌላ መሻገሪያ ማቀዳችን አይቀርም፤ የዛሬው ልመናዬም ያን ጊዜ የሚሻገረው ሰው አስቀድሞ እንዲጠየቅ ነው።

ንድፉ አልቆ፣ በጀቱ ተይዞ፣ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ የሚሰበሰብ አስተያየት የሚለውጠው ነገር የለም። አዳራሽ የሚመጣውም ጊዜ ያለው ሰው ነው። ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ በብስክሌት የሚመላለሰው ተማሪ፣ ጎህ ሳይቀድ ማገዶ ተሸክማ የምትሻገረው እናት፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሰው ወንድማችን፣ ከድልድዩ ሥር በታንኳ የሚያልፈው ዓሣ አስጋሪ አዳራሽ አይመጡም፤ እኛ ወደ እነሱ መሄድ አለብን።

ስንጠይቃቸው ስለ ድልድዩ ጫፎች አብዝተን እንጠይቅ። ወንዙ ላይ የተለየ የብስክሌት መንገድ ተሠርቶ አደባባዩ ጋ ሲደርስ ቢቋረጥ፣ ብስክሌተኛው በባጃጅና በአይሱዙ መካከል ይጣላል፤ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ አንድ ስንዝር ከፍ ቢል፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ ከዚያ አያልፍም፤ መብራቱ ለመኪናው ብቻ ቢተከል፣ ሴቶች ከመሸ በኋላ ያን መንገድ አይሄዱበትም። እነዚህን ነገሮች በወረቀት ላይ ማረም ቀላል ነው፤ ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ግን ማፍረስ ይጠይቃሉ።

በአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ በ2015 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የቲሊኩም ድልድይ ቀላል ባቡርን፣ አውቶቡስን፣ ብስክሌተኛንና እግረኛን ያሻግራል፤ የግል መኪና አይገባበትም። ስሙ የተመረጠው ሕዝቡ ከላካቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቆማዎች ሲሆን፣ ቃሉም የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ይግባቡበት በነበረው የቺኑክ መግባቢያ ቋንቋ «ሕዝብ» ማለት ነው። እኛም መኪና እንከልክል ማለቴ አይደለም፤ ማን እንደሚሻገር አስቀድሞ መወሰን እንደሚቻል ለማሳየት ነው። ስም ማስመረጥ፣ መልካም ቢሆንም፣ ከሁሉ የቀለለው ጥያቄ ነው፤ መንገዱ በማን ሰፈር ይለፍ፣ ለማን ስንት ሜትር ይመደብ የሚለው ይከብዳል፤ ሕዝቡም በዚያ ላይ መጠየቅ አለበት።

ስለዚህ ከንድፉ በፊት በሁለቱም ዳርቻ እግረኛው፣ ብስክሌተኛው፣ ጋሪውና ባጃጁ በየሰዓቱ ይቆጠሩ። ነዋሪው ላነሳው ለእያንዳንዱ ሐሳብም በጽሑፍ መልስ ይሰጥ፤ ተቀባይነት ካላገኘ ምክንያቱ ይነገረው። ቆጠራው በቅዳሜ እንዲጀመር እጠይቃለሁ፤ የገበያ ቀን ነውና ሸክም የያዘው እግረኛ የሚበዛው ያን ዕለት ነው።

አመሰግናለሁ።