እሺ ባይ አገር፦ ከባንኮክ ብቻዬን

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ኤሲውን አጥፍቼዋለሁ፤ ድምፁ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ላብ በላብ ሆኜ ነው የማወራችሁ፣ ቻሉኝ።

ብዙዎቻችሁ ስለ ታይላንድ ስትጠይቁኝ ወይ ስለ ባሕር ዳርቻው ነው፣ ወይ ስለ ማሳጁ። እሱን ዩቲዩብ ላይ ታገኙታላችሁ። እኔ ዛሬ ስለ ኑሮው ላውራ። ስለ ወረቀቱ፣ ስለ መብራት ሒሳቡ፣ ስለ ጾሙ። ምሬት ብቻ ነው እንዳትሉኝ። ምሬትም አለበት ግን።

እዚህ ያሉ ፈረንጆች ሲያማርሩ እሰማለሁ። ወረፋው፣ ፎቶ ኮፒው፣ «ነገ ና» መባሉ ያንገበግባቸዋል፤ አገራቸው እንዲህ ያለ ነገር የለማ። እኔ ለዚህ ለዚህ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ሠልጥኜ ነው የመጣሁት። እኔን የሚያደክመኝ ከእኛ ጋር ሊመሳሰል ትንሽ የቀረው ነገር ነው። አገሬ ያለሁ መስሎኝ ዘና ስል እዚያው ላይ ያደናቅፈኛል።

ስምን ውሰዱ። ደሞዝ የሚገባበት ሒሳብ ልከፍት አንድ ባንክ ሄድኩ። የቱ እንደሆነ ይቅር። ልጅቷ ትሕትናዋ ለጉድ ነው። ሁለት እጇን አጋጥማ እጅ ነሳችኝ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አቀረበችልኝ። ፓስፖርቴን አየች፣ የሥራ ፈቃዴን አየች፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት የተጻፈውን ደብዳቤ አየች። ከዚያ ፈገግ አለች። እዚህ ስትኖሩ ፈገግታ መለየት ትለምዳላችሁ፤ ይኼኛው «ችግር አለ» የሚለው ነበር። ፓስፖርቱ ላይ የእኔ፣ የአባቴና የአያቴ ስም አለ። ደብዳቤው ላይ ያለው የእኔና የአባቴ ብቻ ነው።

«የቤተሰብ ስምዎ የትኛው ነው?»

የቤተሰብ ስም የለንም አልኳት።

«ታዲያ ይኼ ማነው?»

አያቴ።

«ይኼስ?»

አባቴ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና አለቃዋን ጠራች። አለቃዋ በእርጋታ ሰነዱን ሁሉ ካገላበጠ በኋላ «ባለቤትዎ በየትኛው ስም ነው የምትጠራው?» አለኝ። በራሷ አባት አልኩት። ሌላ አለቃ ተጠራ።

የሚገርመው፣ ታይላንዶች ራሳቸው የቤተሰብ ስም የያዙት በቅርብ ነው። በፈረንጆች 1913 ንጉሥ ቫጂራቩድ፣ ራማ 6ኛ የሚባሉት፣ በሕግ ደንግገው ነው ያስገቡት። ዛሬም ቢሆን ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። እኛ አቶ እከሌ፣ ወይዘሮ እከሊት እንደምንለው እነሱም «ኩን» ብለው የራሱን ስም ያስከትላሉ። ሚኒስትርም ይሁን ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ያው ነው። አፋቸው ላይ እንደኛ ናቸው፤ ፎርሙ ላይ ሲደርሱ ፈረንጅ ይሆናሉ። ለማንኛውም ሒሳቡ ተከፈተ። ካርዱ ላይ አባቴ ቀርተው አያቴ ገብተዋል።

ያለ ሒሳብ ደግሞ እዚህ መኖር አይቻልም። ሙዝ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት እንኳን ጋሪዋ ላይ ኪውአር ኮድ ለጥፋለች። ፕሮምፕትፔይ ይሉታል። በቴሌብር የለመደ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ባት ገንዘባቸው ነው፤ ለ20 ባት ሙዝ 1,000 ባት አውጥታችሁ ብትሰጧት መልስ ፍለጋ ጎረቤት ትሄዳለች፤ እሷም አትቆጣም፣ እናንተ ግን ታፍራላችሁ።

ዘመኑስ? እኛ 2018 ላይ ነን። ፈረንጆቹ 2026። ታዮቹ 2569። የቡድሃ ዘመን ነው፣ ከፈረንጆቹ 543 ዓመት ይቀድማል። እናቴ ጋ ስደውል በአንዱ፣ ክፍል ውስጥ ሳስተምር በሌላው፣ መንግሥት ቤት ስገባ በሦስተኛው ነው የምኖረው። ወተት ስገዛ የሚያበቃበት ቀን ላይ አንዳንዴ «69» የሚል አያለሁ። አንድ ጊዜ ከለመዱት ያስቃል።

ሰዓቱ ይብሳል። ምሽት ላይ ልክ እንደኛ ነው የሚቆጥሩት! ከምሽቱ 2 ሰዓት የምንለውን እነሱም ሁለት ይሉታል። የእኛ ሦስት የእነሱም ሦስት ነው፣ እስከ አምስት ድረስ አንድ ነን። ይኼን የነገረችኝ አስተማሪ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ላቅፋት ምንም አልቀረኝ። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ግን ከአንድ ይጀምራሉ። የእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የእነሱ ሁለት ነው። ዘመድ ልትቀበሉ ኤርፖርት የምትሄዱ ከሆነ ሰዓቱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፣ ወደ ወረቀቱ። የውጭ አገር ሰው ከ90 ቀን በላይ ሲቆይ በየ90 ቀኑ «እዚሁ ነኝ፣ አድራሻዬም ያው ነው» ብሎ ማሳወቅ አለበት። ቲኤም 47 የሚባል ፎርም አለው። ቀኑ ካለፈ ቅጣቱ 2,000 ባት ነው። ቪዛ ማራዘሚያ በየዓመቱ 1,900 ባት። ማራዘሚያው ከሥራው ጋር የታሰረ ነው፤ ሥራ ሲቋረጥ መኖሪያውም አብሮ ይቋረጣል። ኮፒው ሁሉ፣ እያንዳንዱ ገጽ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይፈረምበታል። ቀበሌ በር ላይ ያለችውን ፎቶ ኮፒ ቤት ታስታውሳላችሁ? እዚህም አለች፤ እዚህም ወረፋ አላት።

ቲኤም 30 የሚባለው ግን የቤት ባለቤት የሚሞላው ነው። የውጭ ሰው ቤቱ ካረፈ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። እሱ ካልተሞላ እኔ ሌላውን ጉዳዬን ስጨርስ ችግር ይገጥመኛል። አከራዬ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፣ በልቤ እትዬ ነው የምላቸው። ቲኤም 30 ይሙሉልኝ ስላቸው «እሺ» ይሉኛል። በሳምንቱ ስጠይቅ እሺ። ማስታወሻ በታይኛ አስጽፌ ስሰጥ አንብበው፣ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተው፣ እሺ። አይሆንም አይሉም። ፈረንጅ ጎረቤቴ «ለምን አልፈልግም አትልም?» ብሎ ይቃጠላል። እኔ ግን ገና በመጀመሪያው እሺ ላይ ገብቶኛል። እሺው የእኛው እሺ ነው። ኪራዩ ግብር ያስከትልብኛል ብለው ፈርተዋል፤ ያንን ደግሞ በአፋቸው አይናገሩም፤ እኔም በአፌ አላነሳም።

ምን አደረግሁ? ደጅ ጠናሁ። ማንጎ ገዝቼ ሄድኩ፣ በረንዳቸው ላይ ተቀመጥኩ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ጠየቅኳቸው። ስለ ፎርሙ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። በሌላ ቀንም እንዲሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት የልጅ ልጃቸው በስልክ ሞላችውና ደረሰኙን በላይን ላከችልኝ። ላይን እዚህ አገር ሰው ሁሉ የሚጻጻፍበት መተግበሪያ ነው። ደጅ መጥናትን እዚህ ድረስ ይዤው መምጣቴን አላውቅም ነበር።

እትዬ ግን መብራት ላይ አይራሩም። መብራት ኃይሉ በዩኒት 4 ባት ግድም ነው የሚያስከፍለው፤ እሳቸው ከእኔ 8 ባት ይቀበሉኛል። ብዙ ክፍል የሚያከራይ ሰው በመብራት ላይ እንዳያተርፍ የሚከለክል ደንብ አለ። እትዬ ያላቸው ጥቂት ክፍል ነው። ሚያዝያ ላይ ኤሲ ሳይበራ አይተኛም፤ ቢሉን ያያችሁ እንደሆነ የሁለተኛ ኪራይ ይመስላችኋል።

አሁን የማነሳው ነገር ከሁሉም ይከብዳል። ሪኢንትሪ ፐርሚት፣ ከአገር ወጥቶ የመመለሻ ፈቃድ። የዓመት ማራዘሚያ ኖሯችሁ ያለዚህ ፈቃድ ከአገር ከወጣችሁ፣ ማራዘሚያው ይሞታል። ለአንድ ጉዞ 1,000 ባት፣ ደጋግሞ ለመመላለስ 3,800 ባት ነው። ፈረንጅ ዕረፍቱን ከስድስት ወር በፊት ያቅዳል፣ ሲያቅድ ይኼንንም ያወጣል። የእኛ ጉዞ ግን አይታቀድም። አንድ ወዳጄ፣ ከባንኮክ ወጣ ብሎ የሚያስተምር፣ ማታ ስልክ ተደወለለት። መርዶ በስልክ አይነገር፤ «ወንድምህን አሞታል፣ ብትችል ቶሎ ና» ነው የተባለው። እንዲህ የሚባለው መቼ እንደሆነ ማን ያጣዋል? በዚያው ሌሊት ሱቫርናፑም ኤርፖርት ሄደና በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረረ። ኤርፖርቱ ውስጥ ፈቃዱ የሚወጣበት መስኮት አለ። ግን በዚያ ሰዓት መስኮት የሚታየው ማነው?

ለቅሶውን ደርሶ፣ አርባውን ሳያወጣ ተመለሰ። ሲመለስ ማራዘሚያው የለም። ቪዛውን እንደ አዲስ፣ የሥራ ፈቃዱን ጉዳይ እንደ አዲስ፣ ፎቶውን፣ ደብዳቤውን፣ ሁሉን። ጥቁር ለብሶ ወረፋ ይዞ ሳየው አንጀቴን በላው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ በፈገግታ ነው ከመስኮት ወደ መስኮት የላኩት። ሕጉ የሁሉም ነው፣ እሱን ለይቶ አልመታውም። ብቻ ለቅሶ የሚሮጥ ሰው ያለበትን አገር አስቦ የተጻፈ አይደለም። ከዚያ ወዲህ እኔ ማራዘሚያዬ በታተመ ቀን፣ እዚያው ሳለሁ፣ 3,800 ባቷን ከፍዬ ነው የምወጣው። በዓመት አንዴም ላልሄድ እችላለሁ። ይሁን።

ስለ ቀለምም አንድ ነገር ልበል። ክፍል ስትፈልጉ በስልክ «አለ» ይባላል፤ ሄዳችሁ ስትታዩ «ተይዟል»። ምክንያቱን የሚናገር የለም። ባቡር ውስጥ ሰው ቆሞ ሳለ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ይሄዳል። ቀና ስል ማስታወቂያው ፊት የሚያነጣ ክሬም ነው። ያማል፣ አልዋሽም። ግን እዚህም ላይ ያ መመሳሰል ይመጣብኛል። «ቀይ ናት፣ ቆንጆ ናት» እየተባለ በሚሞገስበት ሰፈር ነው ያደግሁት። የጠይሟ እህቴ ፊት ላይ የተቀባውን ክሬም አውቀዋለሁ። ስለዚህ እንደ ፈረንጅ ጓደኞቼ «እነዚህ ሰዎች» ብዬ ለማማረር አፌ አይታዘዘኝም።

ጾምን ሳልነካ አልወጣም፣ ብዙ ጊዜ ትጠይቁኛላችሁ። «ሥጋ የሌለበት» ብትሉ እሺ ይሏችኋል፣ ከዚያ ዕንቁላል ጣል አድርገውበት በዓሣ መረቅ ያጣፍጡታል። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክራችንን እዚህ አናንሳው። መፍትሔው «ጄ» ማለት ነው። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ያለበት ቤት ፈልጉ። ሥጋ፣ ዕንቁላል፣ ወተት፣ የዓሣ መረቅ፣ አንዱም አይገባበትም። ችግሩ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም፤ ሽንኩርት የሌለበት ወጥ ለሐበሻ ማስረዳት ከባድ ነው። የጄ በዓል የሚከበርበት ጊዜ፣ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ግድም፣ ለ9 ቀን ከተማው በቢጫ ባንዲራ ይሞላል። ሁዳዴ ላይ ግን መዞር ይጠይቃል። እዚህ ባንኮክ ሱኩምቪት መንገድ ላይ፣ ናና አካባቢ ለሕክምና የሚመጣ ሐበሻ ስለማይጠፋ እንጀራ ይገኛል፤ ሽሮ ካማራችሁ ወደዚያ ነው።

እንጀራ ቤት ለምትጋግሩ፣ የአዲስ አበባን ቀን አትቁጠሩ። እዚህ ሊጥ በአንድ ቀን ይቦካል፤ ሦስት ቀን ካቆያችሁት ጎረቤት ያስወጣችኋል። ጠዋት አቡክታችሁ፣ ማታ ፍሪጅ ክተቱት። ጤፉን በሩዝ ዱቄት ስታበዙት ደግሞ ውኃውን ቀንሱ።

በመጨረሻ፣ ለማስተማር ልትመጣ ነው ብላ መልእክት ለላከችልኝ እህቴ። የዲግሪሽን ዋናውን፣ የፖሊስ ማስረጃሽን፣ ጉርድ ፎቶ በብዛት ያዢ። ስምሽ በሁሉም ሰነድ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ እስከ አያትሽ ድረስ ይጻፍ፤ ለትምህርት ቤቱም ይኼን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። የመግቢያ ካርዱ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ኦንላይን ሆኗል፣ ከመድረስሽ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ነው የሚሞላው። ነፃ ነው፤ ገንዘብ ክፈዪ የሚልሽ ገጽ ካጋጠመሽ ዝጊው፣ ትክክለኛው አይደለም። የቢጫ ወባ ካርድሽን ደግሞ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው ገና ፓስፖርት ማስመቻው ጋ ሳይደርስ የጤና ቁጥጥር የሚባለው ዴስክ ላይ ነው የሚጠየቀው። እጅሽ ላይ ይሁን።

በሉ፣ ሳምንት በሰላም ያገናኘን።