ፎርማት ከማድረጋችን በፊት
በኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበሩ የጉባኤው ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

አዘጋጅ ኮሚቴው እንድናገር ሲጋብዘኝ የሰጠኝ ርእስ «በብሮውዘር ላይ ሳይታሰብ የሚመጡ ሊንኮችና መፍትሔያቸው» የሚል ነው። ርእሱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ችግር የተማረረ ደንበኛ ያላስተናገደ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ሰውየው አንድ ጽሑፍ ከፍቶ ሲያነብ «ብድር»፣ «መኪና» ወይም «መድኃኒት» የሚል ቃል ቀለሙ ተለውጦ፣ ከሥሩ በአንድ አንዳንዴም በሁለት መስመር ተሰምሮበት ያገኘዋል። ጠቋሚውን ሲያስጠጋ ማስታወቂያ ብቅ ይልበታል፤ ሲነካው ጨርሶ ወደማያውቀው ገጽ ይወስደዋል። ከዚያም ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ወደ እኛ ይመጣል፤ እኛም ፎርማት እናደርግለታለን፤ ማለትም ዲስኩን ጠርገን ሁሉን እንደ አዲስ እንጭንለታለን። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚህ ስለ መጨረሻው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ላፕቶፓቸውን ይዘው መጡ። ባለቤታቸው በልብ ሕመም ዐርፈው ስለነበር የመታሰቢያ ጽሑፍ አዘጋጅተው በአንድ ድረ ገጽ ላይ እንዲወጣላቸው አድርገዋል። በማግስቱ ከፍተው ሲያነቡት «ልብ» የሚለው ቃል በተጻፈበት ሁሉ አረንጓዴ መስመር ተሰምሮበት፣ ሲነኩት ደግሞ የመድኃኒት ማስታወቂያ ይከፈታል። እኛ ብንሆን ወዲያው አድዌር፣ ማለትም ሳይጠሩት ማስታወቂያ የሚያስገባ ፕሮግራም ነው እንል ነበር፤ እሳቸው ያሰቡት ግን ሌላ ነው። የገጹ አዘጋጅ ሐዘኔን ሸጠው ብለው አመኑ። ደውለው የሚገባውን ያህል ተናገሩት። እሱም «እናቴ፣ እኔ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ጽሑፉ እርስዎ እንደላኩት ነው» ሲላቸው ዋሾ ብለው ስልኩን ዘጉበት። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። እሱ በስክሪኑ ላይ ምንም አያይም፤ እሳቸው ደግሞ የሚያዩትን ያያሉ። ለብዙ ጊዜ ሳይነጋገሩ እንደቆዩ በኋላ ነግረውኛል።

ላፕቶፑ ፎርማት ተደረገ። ሊንኮቹ ለአንድ ቀን ጠፍተው በማግስቱ ተመለሱ። ሌላ ባለሙያ ዘንድ ወሰዱት፤ እሱም ፎርማት አደረገው፤ እንደገና ተመለሱ። የመጀመሪያውን ፎርማት ያደረገው ማን እንደሆነ ሳልናገር ባልፍ ማንም አያውቅብኝም ነበር። እኔ ነኝ። «መትረፍ ያለበት ፋይል የት ነው?» ብዬ ጠይቄያቸው «ዶክመንት የሚለው ውስጥ ነው» አሉኝ፤ እኔም እሱን ብቻ ገልብጬ የቀረውን ደመሰስሁት። የባለቤታቸው ድምፅ የተቀዳባቸው ፋይሎች በሌላ ፎልደር ነበሩ።

በሦስተኛው ጊዜ ወደ እኔ ሲመለሱ ላፕቶፑን ሳልነካ ቁጭ ብዬ አሰብሁ። ዲስኩ ተጠርጎ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሊንኩ ከተመለሰ፣ የሚመለሰው ከዲስኩ ውጭ ካለ ቦታ ነው። እንደተጠረጠረው ሆነ፦ እኚህ እናት አዲሱን ብሮውዘር በከፈቱ ቁጥር በአካውንታቸው ይገባሉ፤ አካውንቱም ዕልባታቸውን፣ የይለፍ ቃላቸውንና ኤክስቴንሽኖቻቸውን፣ ማለትም በብሮውዘሩ ላይ የጨመሯቸውን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ በሙሉ ያመጣላቸዋል። ከእነዚህም መካከል ፋይል ወደ ፒዲኤፍ ለመለወጥ ብለው ያስገቡት አንድ ኤክስቴንሽን ነበር፤ በሚጎበኟቸው ገጾች ሁሉ ላይ ያለውን መረጃ የማንበብና የመለወጥ ፈቃድ ነበረው። ፒዲኤፍ ለመለወጥ ይህ ሁሉ ፈቃድ ምን ያደርግለታል? እሱን አስወግጄ፣ ለውጡ ወደ አካውንታቸው መድረሱን አረጋግጬ ስጨርስ ዐሥር ደቂቃ አልሞላም። ሁለት ፎርማት ያላደረገውን ዐሥር ደቂቃ አደረገው፤ የጠፋውን ድምፅ ግን አልመለሰውም።

ባልደረቦቼ፣ ፎርማት ማድረግ ጥገና አይደለም! ምን እንደተበላሸ ሳያውቁ ሁሉንም ማጥፋት ነው፤ ደንበኛውም የሚከፍለን ላላወቅነው ነገር ነው።

ማወቅ ደግሞ ከባድ አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ ሊንኩን ያስገባው ማን ነው የሚለው ነው። ያንኑ ገጽ በሌላ መሣሪያና በሌላ መስመር፣ ለምሳሌ በስልክ ዳታ፣ ክፈቱት። እዚያም ካለ ሊንኩን ያስገባው ብዙውን ጊዜ የድረ ገጹ ባለቤት ራሱ ነው፤ ቃላትን እየለዩ ማስታወቂያ የሚያያይዙ አገልግሎቶችን ወደው የተቀበሉ ገጾች ነበሩ፣ በዚያ ጊዜ ኮምፒውተሩ ምንም ጥፋት የለበትም። እዚያ ከሌለ ወደ ደንበኛው ማሽን ተመልሳችሁ ገጹን በኢንኮግኒቶ፣ ማለትም በግል ማሰሻ መስኮት ክፈቱ። በክሮም ተጠቃሚው ለይቶ ካልፈቀደ በቀር ኤክስቴንሽኖች በዚያ መስኮት አይሠሩም፤ ፋየርፎክስ ደግሞ ከእርዳታ ማውጫው ኤክስቴንሽኖችን አጥፍቶ የሚነሣበት የችግር መፈለጊያ ሁነታ አለው። ሊንኩ በዚያ ከጠፋ ሌባው ከኤክስቴንሽኖቹ አንዱ ነው፤ ሁሉንም አጥፍታችሁ አንድ በአንድ እያበራችሁ ገጹን ማደስ ብቻ ይቀራል። በሌላ ብሮውዘርም የሚታይ ከሆነ ግን ነገሩ ከብሮውዘሩ በታች ነው፤ የተጫኑትን ፕሮግራሞች በተጫኑበት ቀን ደርድሩና ችግሩ የጀመረበትን ሳምንት ተመልከቱ፤ ገጾቹ በመካከል በሌላ ፕሮግራም ወይም ኮምፒውተር በኩል እንዲያልፉ የሚያደርገውን የፕሮክሲውንም ቅንብር እዩ። የግለሰብ ላፕቶፕ ሆኖ ሳለ ብሮውዘሩ «በድርጅትዎ የሚተዳደር» ካለ ደግሞ አንድ ፕሮግራም ኤክስቴንሽኑ እንዳይነቀል የሚያደርግ መመሪያ አስቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ መመሪያው ሳይነሣ ኤክስቴንሽኑ ቢነቀል ተመልሶ ይመጣል።

አንዳንዶቻችሁ ማስታወቂያ ማገጃ ጭናችሁ እንደምትሸኙ አውቃለሁ። እሱ ሊንኩን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ የሚያስገባውን አያስወጣውም፤ ጽሑፉን የሚያነበው እንግዳ ከነፈቃዱ እዚያው ተቀምጧል።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ማይክሮሶፍት «ስማርት ታግ» የሚባል ነገር በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ውስጥ ሊያስገባ አስቦ ነበር፤ ብሮውዘሩ ራሱ በሌሎች ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ ቃላትን እየመረጠ ሊንክ ያደርግባቸዋል። ጸሐፊዎች የጻፍነውን ማን እንድትነካ ፈቀደልህ ብለው ስለተነሡበት በዚያው ዓመት ተወው። ያን ያህል ትልቅ ኩባንያ ያፈገፈገበትን ሥራ በኋላ ስም የሌላቸው ፕሮግራሞች ያለ ከልካይ ሠሩት። በ2014 እንደተሰማው ደግሞ «አድ ቱ ፊድሊ» የተባለውን የክሮም ኤክስቴንሽን ሠሪው ሲሸጠው፣ ገዢው በዝምታ በላከው ማሻሻያ ማስታወቂያ አስገባበት፤ ተጠቃሚዎቹ ያደረጉት አንዳች ነገር አልነበረም። በ2015 ደግሞ ሌኖቮ በአንዳንድ ላፕቶፖቹ ላይ አስቀድሞ የጫነው «ሱፐርፊሽ» ተጋለጠ፤ ይህኛው ብሮውዘሩ አንድን ገጽ እንዲያምን የሚያደርግ የራሱን የምስክር ወረቀት በማሽኑ ላይ ተክሎ በኤችቲቲፒኤስ የተመሰጠሩ ገጾችን ሳይቀር ከፍቶ ማስታወቂያ ያስገባ ነበር። ታዲያ ደንበኛውን «የማይሆን ነገር ስትነካ ነው» ብለን የምንገሥጸው በምን አፋችን ነው? ሰውየው ላፕቶፑን ከካርቶኑ አውጥቶ ከማብራት ሌላ ምን ነካ?

ስለ ራውተርና ስለ ስልክ ሰፋ አድርጌ ልናገር አስቤ ነበር፤ ሰዓቱ ግን እያለቀ ነው። በቤቱ ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ ሊንኩን የሚያሳዩ ከሆነ በራውተሩ ላይ የዲኤንኤስ፣ ማለትም የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት አድራሻ መለወጡንና የይለፍ ቃሉ ከፋብሪካ እንደመጣ መቆየቱን እዩ፤ በስልክም ከሁሉ በፊት በቅርብ የተጫነውን አፕ ጠርጥሩ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አልወርድም። ነጻ ፕሮግራም ስንጭን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው መስኮት ላይ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ትንሽ ሣጥን እናገኛለን። ሣጥኑ ተጨማሪ ፕሮግራም ልጫን ይላል፤ ሰው ሳያነብ «ቀጥል» ይላል፤ ኋላም ተጠቃሚው ፈቅዷል ይባላል። ይህን ሁላችንም እናወግዛለን። ንግግሬን ሳዘጋጅ የማኅበራችንን የዕቃ መቀበያ ቅጽ አውጥቼ አነበብሁት። ከደንበኛው ፊርማ በላይ «አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ፎርማት እንዲደረግ ተስማምቻለሁ» የሚል ሣጥን አለ፤ ምልክቱም አብሮ ታትሞበታል። ያቺ እናትም በዚያ ቅጽ ላይ ፈርመዋል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የቅጾች ማሻሻያ ለውይይት ሲቀርብ፣ ያ ምልክት እንዲነሣ በጽሑፍ ያቀረብሁት ሐሳብ በሰብሳቢው እጅ ይገኛል። አመሰግናለሁ።