እትዬ ደብተራቸውን ለምን አልተዉም?

በጎንደር ለኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ተመራቂ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ የዘንድሮ ጂሲዎች (ተመራቂዎች)፣ እንደምን አደራችሁ።

ከመጀመሪያ ዲግሪዬ በኋላ ስላሳለፍኩት የጥናት ዓመት ንገሪያቸው ተብዬ ነው የመጣሁት። ከአንድ ሱቅ ልጀምር።

አራዳ ገበያ ውስጥ እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ቅመም የምትገዛባቸው ነጋዴ አሉ። ሱቃቸው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። በርበሬው፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ በየጆንያው ተደርድሯል። ከሚዛኑ ሥር አንድ ባለ መስመር ደብተር አለ። እትዬ ቴሌብር ይቀበላሉ። ቁጥሩ በካርቶን ተጽፎ በራቸው ላይ ተለጥፏል። ነገር ግን ብሩ በስልክ ከገባ በኋላም ደብተሩ ላይ ይጽፉታል። አንዱም አያመልጣቸውም።

ለምን? የአንድ ዓመት ጥናቴ ይቺው ጥያቄ ነበረች።

የመጀመሪያ ዲግሪዬን በቢዝነስ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የያዝኩት አውስትራሊያ ነው። እዚያ እንዲህ ያለው ዲግሪ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ውጤቱ ጥሩ የሆነ ተማሪ ከፈለገ አንድ ዓመት ይጨምራል። ኦነርስ ይሉታል። በዚያ ዓመት የጥናት ዘዴ ትማራላችሁ፣ ሌሎች የጻፉትን ታገላብጣላችሁ፣ ከዚያ ከአንድ አማካሪ ጋር የራሳችሁን ጥናት ሠርታችሁ ቴሲስ ታስረክባላችሁ። ከፍተኛውን ማዕረግ ያገኘ ሰው ማስተርስ ሳይማር ለፒኤችዲ ማመልከት ይችላል። ደቡብ አፍሪካም ኦነርስ አለ፤ እዚያ ግን የማስተርስ መግቢያ ነው።

ቤተሰቤ አልተዋጠለትም ነበር። አጎቴ ደውሎ “ልጄ፣ ዲግሪሽን ይዘሻል። ጓደኞችሽ ደሞዝ መብላት ጀምረው የለም እንዴ?” አለኝ። እውነቱን ነው። ዓመት ሙሉ ያለ ደሞዝ መቀመጥ ቀላል አይደለም። ለዚህ ነው ሥራ ፍለጋውን ለማዘግየት ብላችሁ አትግቡበት የምላችሁ። እንቅልፍ የሚነሳችሁ ጥያቄ ካለ ግን ግቡ።

አሁን ስህተቴን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 ፍሬድ ዴቪስ የሚባል ተመራማሪ ቴክኖሎጂን ስለመቀበል አንድ ሞዴል አወጣ። ሰው አንድን ቴክኖሎጂ የሚቀበለው ይጠቅመኛል ብሎ ሲያምንና አያስቸግረኝም ብሎ ሲያስብ ነው ይላል። ሁላችሁም ክፍል ውስጥ ተምራችሁታል። እኔም እሱን ይዤ 42 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጀሁ። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቀደልኝ። እዚያ ሐምሌ ላይ የሴሚስተር እረፍት አለ፤ ጎንደር መጣሁ። አራዳ በዝናቡ ጭቃ ሆኖ ነበር።

30 ነጋዴዎች ሞሉልኝ። ቴሌብር ይጠቅማል? በጣም እስማማለሁ። ለአጠቃቀም ቀላል ነው? በጣም እስማማለሁ። ወደፊትም ይጠቀማሉ? በጣም እስማማለሁ። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ምልክት። ሊዋሹኝ አስበው እንዳይመስላችሁ። ከሩቅ አገር የመጣች የሰው ልጅ እንዳታፍር ብለው ነው። ይሉኝታን የሚለካ መጠይቅ አላዘጋጀሁም ነበር።

ውጤቱን ለአማካሪዬ ላክሁላት። “ይህን ያህል ከወደዱት ደብተሩ ምን ይሠራል?” ብላ መለሰችልኝ። ከሥሩ “ሄደሽ ተቀመጪ” የሚል ጨምራለች።

ሄጄ ተቀመጥኩ። እትዬ በርጩማ ሰጡኝ። ዘጠኝ ቀን እዚያው ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ደንበኛ መጥታ 600 ብር በቴሌብር ላከች። 400ው የዕለቱ በርበሬ ነው፣ 200ው ያለፈው ሳምንት ዱቤ። ሲም ካርዱ የልጃቸው ስለሆነ መልእክቱ የገባው እሱ ስልክ ላይ ነው። እሱ ከጓሮ “ገብቷል!” ብሎ ጮኸ። እትዬ እስክሪብቶውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡ። ስሟን ፈለጉ፣ የድሮውን 200 ሰረዙ፣ ከሥሩ 400 ብለው ጻፉ።

“እትዬ፣ ስልኩ ይመዘግበው የለም እንዴ?” አልኳቸው።

“ልጄ፣ ስልኩ ብሩ መግባቱን ይነግረኛል። የምኑ እንደሆነ አይነግረኝም።”

ያን ማታ ይቺን የእትዬን መልስ ማስታወሻዬ ላይ ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። እትዬ ብዙም ሳይቆዩ ተቀብለውታል፤ ከመቀበል በኩል ችግር አልነበረም። ሥራቸው ግን ብር መቀበል ብቻ አይደለም። ማን ምን ወሰደ፣ ማን ዕዳ ቀረበት፣ ማንን ልታገሥ የሚለውን መያዝ ነው። ይህን የያዘላቸው ደብተሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ጉድሂው እና ቶምሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች ቴክኖሎጂው ከሥራው ጋር ይገጥማል ወይ ብለው የጻፉትን ያኔ ገና ገባኝ። ከዚያ በፊት አንብቤዋለሁ፤ አልገባኝም ነበር።

ወጥቶ ማየት ለጎንደር እንግዳ አይደለም። እዚህ የጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ነው። ተማሪዎቹ ኅብረተሰቡ መሀል ገብተው እንዲሠሩ ሆነው ነው የሠለጠኑት። ዛሬም የጤና ተማሪዎች በቡድን ወጥተው ሕዝቡ መሀል ይሠራሉ። እኛ የሲስተም ሰዎች ይህ ልማድ አጠገባችን እያለ ከላፕቶፕ አንነሳም። በየግቢው ስንት የቤተ መጻሕፍት ሲስተም፣ ስንት የቀጠሮ ሲስተም ተሠራ? ዲፌንስ ላይ፣ ማለትም ፕሮጀክቱ ለመምህራን ሲቀርብ፣ ተጨብጭቦለት ፍላሽ ላይ የቀረው ብዙ ነው። ይህ ያንገበግበኛል። ኮድ መጻፍ የሚችል ልጅ ሞልቶናል። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ኮምፒውተሩ በርቶ እያለ ለምን ወረቀት ላይ እንደምትጽፍ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

እኛ ጋ ኦነርስ የሚባል ዓመት ባይኖርም የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክት አለ፣ ማስተርስም አለ። ጥያቄያችሁን አጥብቡት። “ዲጂታል ክፍያ በኢትዮጵያ” ብላችሁ አትነሱ፤ እኔ ሞክሬው ሦስት ወር በልቶብኛል። አንድ ገበያ ይበቃል። አማካሪ ስትመርጡ ከስሙ ይልቅ ረቂቃችሁን አንብቦ የሚመልስላችሁን ፈልጉ። ማንንም ሳታስፈቅዱ አትመዝግቡ። ያገኛችሁትንም ለሰዎቹ መልሳችሁ ንገሯቸው። እኔ ቴሲሴን ካስረከብኩ በኋላ ለእትዬ ስልክ ደውዬ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና “ታዲያ መቼ ነው የምታስተካክሉት?” አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁን መጀመር እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እሳቸው ጋ እሄዳለሁ፤ ሰው ይዤ እንደምመጣ ነግሬያቸዋለሁ። ሱቋ ጠባብ ናት፣ ከሦስት ሰው በላይ አልወስድም። መምጣት የምትፈልጉ ከዚህ ስንወጣ በር ላይ አግኙኝ። ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። ስልካችሁን እሳቸው እስኪፈቅዱ ድረስ ከኪሳችሁ አታውጡ።