ያቺ «አይ»

ሰላም። ተቀምጫለሁ። ከዚህች ቃል ብቻ ዛሬ ደህና ቀን እንደሆነ የገባችሁ አላችሁ፤ እወዳችኋለሁ። ቦምቦሊኖም ከሥሬ አለ፣ ሰላም ብሏችኋል። አዎ፣ ያው አሮጌው ነው። መሃሉ ክፍት የሆነ ትራስ የት ይገኛል የምትሉኝ፣ ስንቴ ልንገራችሁ፣ ከሱቅ አልገዛሁትም። የባጃጅ ከመነዳሪ ነው። ልብስ ሰፊው ጨርቅ አልብሶ ሰጠኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። አንዳንዴ ካየኋቸው ሐኪሞች ሁሉ እሱ ይሻላል እላለሁ። ቀልዴን ነው። ግማሹን።

ዝናቡ ይሰማችኋል? ቆርቆሮ ነው፣ ምን ላድርገው።

እና… ዛሬ ማውራት የፈለግኩት መቀመጫዬን ስላመመኝ ስለ እሑድ ሌሊት ነው። ግን እሑድ ሌሊት ብቻውን ምንም አይደለም። ያቺን «አይ» ካላወራኋት አይገባችሁም። እሷን ደግሞ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእህቴም ቢሆን።

ሐምሌ 2014 ነው። ክሊኒኩን አልጠራም። መሃል ከተማ ነው፣ ይበቃል። ሦስተኛ ይሁን አራተኛ ሐኪሜ ናት። ከሷ በፊት የነበሩት «ኪንታሮት ነው» ብለው ቅባት ጽፈው የሸኙኝ ናቸው። አንዱማ ሳያየኝ። ወንበሩ ላይ በአንድ ጎኔ መቀመጤን አይቶ ብቻ። ይቺኛዋ ወጣት ናት፣ ሴት ናት፣ አየችኝ። ታውቁታላችሁ፣ በጎንሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን ወደ ደረትሽ፣ ትንፋሽ ውሰጂ። አልጋው ሰማያዊ ላስቲክ ለብሷል፤ ጉንጬ ተጣብቆበታል። ፊት ለፊቴ እማዬ ቆማለች። ጫማዬን ይዛለች። ወለሉ ላይ ማስቀመጥ ትችል ነበር እኮ። ሁለቱንም ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች፣ ልክ ሰው ሊሰርቃቸው እንደመጣ። በሩ ጋ ደግሞ አንድ ተለማማጅ ልጅ አለ፣ ጢሙ ገና ያልበቀለ፣ ጣሪያ ጣሪያውን የሚያይ። እሱም ያሳዝናል።

ጨረሰች። ጓንቷን አወለቀች። «ኪንታሮት አይታየኝም፣ የተሰነጠቀም ነገር የለም» አለች። ከዚያ ወደ መታጠቢያው ዞራ ቧንቧውን ከፈተች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው። ውሃው እየወረደ፣ እጇን በሳሙና እያሸች፣ እንዲሁ እንደ ዋዛ፣ «ከወር አበባሽ ጋር ይገናኛል?» አለችኝ።

«አይ።»

በቃ። ይቺው ናት። ጥያቄውን የጨረሰችም አይመስለኝም፣ ገና «ይገና…» ስትል ነው «አይ» ያልኩት። ሱሪዬን እየጎተትኩ። ውሃው አልተዘጋም። ከዚያ ዘጋችው፣ ዞረች፣ የሆነ አጭር ነገር ጻፈች። እማዬ «ከአባቷ ነው ዶክተር፣ አባቷ ሹፌር ነበር» አለች። ዶክተሯ ፈገግ አለች። ውሃ በደንብ ጠጪ፣ አትክልት ብዪ፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ተቀመጪ። ወጣን። ታክሲ ያዝን። እማዬ መንገድ ላይ ስለ ተልባ አወራችኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ይህችን ነገር ስመላልሳት ነበር። ሳህን እያጠብኩ ትመጣለች። ቧንቧ ስከፍት ማለት ነው፣ የውሃው ድምፅ ያመጣታል።

ምክንያት ፈልጌላታለሁ። መጀመሪያ እማዬ ስለነበረች ነው አልኩ። ግን ውሸት ነው። እማዬ እኮ ስለ ፔሬዴ ከኔ በላይ ታውቃለች። ከዚያ ያ ልጅ ስለነበረ ነው አልኩ። እሱ ግን ያየውን አይቷል፣ ከዚያ ወዲያ ምን የሚያሳፍር ነገር ቀረ?

አሁን የሚመስለኝ… የ14 ዓመት ልጅ ሆኜ ክፍል ውስጥ ሆዴን ይዤ ታጥፌ ስቀር፣ ቤት መልሰው ወሰዱኝ። ያን ቀን ስንት ሰው እንደሆነ እንጃ፣ አክስቶቼ፣ ጎረቤት፣ ሁሉም ያሉት አንድ ነገር ነው። «ስትወልጂ ይተውሻል።» 14 ዓመቴ ነው! ስትወልጂ! እና ከዚያ በኋላ የተማርኩት፣ «ፔሬድ» ካልሽ ወሬው እዚያ ላይ እንደሚያልቅ ነው። ማንም ምንም አይጽፍልሽም። ኪንታሮት ግን ቢያንስ ቅባት አለው። ካርድ ይወጣለታል። በዚያ ላይ በኛ ቤት ኪንታሮት የክብር በሽታ ነው። አባዬ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር፣ ኪንታሮቱን እንደ ሜዳሊያ ነበር የሚያወራው። ቡና ላይ፣ እንግዳ ፊት። ስንት ቀን እንደነዳ፣ የት ላይ እንደጀመረው። እኔ ከሁለት ሀፍረት ዘመድ ያለውን መረጥኩ መሰለኝ።

እንደዚህ ስለው ያምራል። ግን በአንዲት ሰከንድ ይህን ሁሉ አስቤ ነው «አይ» ያልኩት? አይመስለኝም። አፌ ነው ያለው።

ስለ ኪንታሮት ካነሳሁ፣ እነዚያን ምሰሶ ላይ የሚለጠፉ ማስታወቂያዎች ታስታውሳላችሁ? «ኪንታሮት ያለ ኦፕራሲዮን እናድናለን» የሚሉ፣ ስልክ ቁጥር ያላቸው። ፒያሳ አንዱ ምሰሶ ላይ የነበረውን ልቀዳ ስፈልግ፣ ሰው እንዳያየኝ ሕንፃውን የማነሳ መስዬ ፎቶ አነሳሁት። የድሮ ሕንፃ እንደሚወድ ሰው። ቁጥሩ ደብዝዞ ወጣ። በሌላ ቀን ልመለስ ስል ኮሪደር ልማቱ መጣና ምሰሶውም ሕንፃውም አንድ ላይ ሄዱ። ሰው ስለ ፒያሳ ሲቆጭ እኔም እቆጫለሁ፣ ግን የኔ ቁጭት ውስጥ አንድ ስልክ ቁጥር አለበት።

የከተማዋን መቀመጫ እንደኔ የሚያውቅ የለም፣ ብያችኋለሁ። አዲሶቹ የመንገድ ዳር አግዳሚዎች ለዓይን ጥሩ ናቸው። ጠዋት ላይ ግን ይቀዘቅዛሉ፣ ለኔ ብርድ ጠላት ነው። ቶሞካን የምወደው ለቡናው ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ ከ1953 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ ሰው ቆሞ ይጠጣል፣ እኔም ስቆም ማንም «ለምን አትቀመጪም» አይለኝም። አንደኛው ግን የታክሲ ጋቢና ነው። ሚኒባሱ ሞተሩ ከወንበሩ ሥር ነው አይደል? ከሥር ያሞቃል። ሙቀት ጡንቻውን ያላላዋል። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ድረስ ለሌላ ሰው ስቃይ የሆነ ሙቀት ለኔ ሕክምና ነው። አንድ ቀን ረዳቱ «እህት፣ ኋላ ባዶ ወንበር አለ፣ እዚህ ይሞቃል» ሲለኝ ልስመው ምንም አልቀረኝ። «ይመቸኛል» አልኩት።

የት ነበርኩ? እ፣ ካላንደሩ።

ካላንደሩን ስንቴ እንዳወራሁ አውቃለሁ፣ ግን ለአዲሶቹ… እሺ፣ በአጭሩ። ፋርማሲስቷ የምትበዪውን ጻፊ አለችኝ። በርበሬውን ጠርጥረን ነው። ግድግዳ ላይ ያለው ካላንደር ላይ ባመመኝ ቀን «ሕ» እጽፋለሁ። 2016 ነው። መስከረም 20። ጥቅምት 18። ኅዳር 16። ታኅሣሥ 14። ቁልቁል ስታዩት ሁለት ሁለት ቀን ወደ ኋላ ይሄዳል። የኛ ወር 30 ቀን ነው፣ የኔ ዙር 28። በፈረንጁ ካላንደር፣ አንዱ ወር 30 አንዱ 31፣ ምናልባት አላየውም ነበር። ፔሬዴ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ነው፣ ሁሌ። በርበሬ በላሁ አልበላሁ፣ ጾም ሆነ ፍስክ። ቀጣዩ ጥር 12 ላይ መዋል አለበት ብዬ ጠበቅኩ። ጥር 12 ቃና ዘገሊላ፣ ሚካኤል። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ታቦት ሸኘሁ። የሰፈር እናቶች «ምን ዓይነት ብርቱ ልጅ ናት» ብለው መረቁኝ። መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው እኮ።

ከዚያ ነው ወደ ሴቶች ሐኪም የሄድኩት፣ እሷን ታውቋታላችሁ፣ ስዕል የሳለችልኝን። ኢንዶሜትሪዮሲስ ሊሆን ይችላል ያለችኝ። የማሕፀን ውስጠኛ ግድግዳ የሚመስል ነገር ከማሕፀን ውጪ ይበቅላል፣ በየወሩ ከሆርሞኑ ጋር ያብጣል፣ ይቆጣል። ከማሕፀን ጀርባና ከአንጀት መጨረሻ መሃል ከሆነ ደግሞ ሕመሙ የሚሰማው… እዚያ። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን ይይዛል ይላል፣ 190 ሚሊዮን ሴት። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ስል… ብቻዬን አይደለሁም ለማለት ነው። ሌላው ሰው ስለታመመ አይደለም።

ግን «ነው» አላለችም። «ሊሆን ይችላል» ነው ያለችው። አልትራሳውንዱ ንጹህ ነው፣ ንጹህ ሆኖም በሽታው ሊኖር ይችላል። ያለ በሽታውም፣ ፔሬድ ሊመጣ ሲል ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን አንጀትን ያዘገየዋል፣ ሰገራ ይደርቃል። ሲመጣ ደግሞ ማሕፀኑን የሚያኮማትሩት ኬሚካሎች አንጀቱንም አይተውትም። ስለዚህ ካላንደሩ ማስረጃ አይደለም። እርግጠኛ ለመሆን ሆድ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አበጅቶ በካሜራ ማየት፣ ላፓራስኮፒ። ወይም ፔሬድ የሚያቆመውን የሆርሞን እንክብል ሞክሮ ማየት። እንክብሉን መረጥኩ። አምስት ወር ሆነው። ፔሬድ የለም፣ «ሕ» የለም። ካላንደሩ ነጭ ሆነ። እዚሁ ላይ ተቀምጬ «ተገላገልኩ» ብያችሁ ነበር፣ ሁለት ክፍል በፊት። አትስሙት ያን ክፍል።

እሑድ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ያው እሱ። በጉጠት ይዞ ወደ ውስጥ የሚጎትት። ትንፋሽ አይሰጥም። በጨለማ ውሃ ጣድኩ፣ ሳፋውን አወጣሁ፣ ማብራት ከበራ አከራዬ ትነቃለች ብዬ በስልክ መብራት። ጨው ጨመርኩ፣ ጨው ምን እንደሚሠራ አላውቅም፣ እማዬ ስለምትጨምር ነው። ሳፋው ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደርሶ፣ ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ካላንደሩን ለማየት ነው። ምንም የለም። ቀኑ አይደለም። ግን የማን ቀን? አሁን እኮ ቀን የለኝም፣ እንክብሉ አጥፍቶታል። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ቆየና ተወኝ። እንዳልነበረ።

ሰኞ ለሴቶች ሐኪሟ ደወልኩላት። እንዲህ ሌሊት መጥቶ በደቂቃዎች የሚሄድ፣ ሲታይ ምንም የማይገኝበት የጡንቻ መኮማተር አለ አለችኝ። ስሙ ፕሮክታልጂያ ፉጋክስ። ፉጋክስ ማለት ሸሺ ማለት ነው። ኮብላይ በሉት። ሁለቱም ሊኖርሽ ይችላል፣ ወይም እሱ ብቻ፣ አለች። ወይም እሱ ብቻ!

ገባችሁ? እሱ ብቻ ከሆነ፣ ያኔ «አይ» ያልኩት… ልክ ነበርኩ ማለት ነው? ሳላውቅ? ሦስት ዓመት እኮ ራሴን ስከስ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ተናደድኩ። ካላንደሬን የወሰዱብኝ መሰለኝ። ያ ሁለት ሁለት ቀን ወደ ኋላ መሄዱ፣ አራት ወር፣ አምስት ወር፣ እሱ ምን ሊሆን ነው? ምናልባት ሁለቱም ነው። ምናልባት ያኔ መልሱ «አላውቅም» ነበር፣ እሱን ማለት ነበር የከበደኝ። እንጃ። «አላውቅም» ብል ኖሮ ዞር ትል ነበር። ቧንቧውን ዘግታ።

ያችን ዶክተር ፈልጌያት ነበር፣ ነገርኳችሁ? አልነገርኳችሁም። ክሊኒኩ ደጃፍ ድረስ ሄድኩ። እዚያ የለችም፣ ለቃለች አሉኝ። ባገኛት ምን ልላት እንደነበር… «ጥያቄሽን ደግመሽ ጠይቂኝ»? ያበደች ትለኛለች።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ እሱን ሳልነግራችሁ ልዘጋ ነበር። ሰኞ ማታ እማዬ ደወለች። እሑድ አመመኝ አልኳት፣ እንዲያው በወሬ መሃል። እና ወዲያው፣ ሳትተነፍስ፣ «ስንተኛ ቀንሽ ነው?» አለችኝ።

ስንተኛ ቀንሽ ነው።

እኔ ስለ ካላንደሩ ነግሬያት አላውቅም። ይህንን ፕሮግራም አትሰማም፣ ስልኳ ላይ የለም። ስለ እንክብሉም አታውቅም። ታዲያ ከመቼ ጀምሮ ነው የምትቆጥረው? ያን ቀን፣ ጫማዬን ይዛ ስትቆም፣ «አይ» ስል… ሰማችኝ። «ከአባቷ ነው» አለች እንጂ…

አልጠየቅኳትም። «አላውቅም እማዬ» አልኳትና ስለ ዝናብ አወራን። ቅዳሜ ልሄድ ነው ቤት። ልጠይቃት ይሆናል። ግን ምን ብዬ? «ያኔ ታውቂ ነበር?» ብዬ? አውቅ ነበር ብትለኝ ምን አደርጋለሁ? አላውቅም ብትለኝስ…

ቆይ። ውሃ ጥጄ ረስቼው ነው መሰለኝ። አይ፣ ዛሬ ለሻይ ነው፣ ለሻይ። ቆዩኝ፣ መጣሁ…