የእናቴ ምሳ ዕቃ እና የዓባይ በረሃ ኩርባዎች

እሺ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። የማወራችሁ ስለ ኩርባ ነው። የመንገድ ኩርባ።

ነገሩ የጀመረው እናቴን ይዤ ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ነው። ጎሃ ጽዮን ቁርስ በልተን የዓባይን በረሃ መውረድ ጀመርን። እናቴ ከኋላ ናት። ጭኗ ላይ ለእህቷ የሠራችው ዶሮ ወጥ አለ፤ ወጡ በምሳ ዕቃ፣ ምሳ ዕቃው በፌስታል፣ ፌስታሉ በአሮጌ ነጠላ ታስሯል። እኔ ደግሞ ራሴን እንደ ጎበዝ ሹፌር ነው የማየው፣ አዲስ አበባን ስንት ዓመት ነድቼባት ማንንም አልገጨሁም። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ከኋላ "በስመአብ!" የሚል ሰማሁ። አራተኛው ላይ የቁሌቱ ሽታ መጣ። ታች ድልድዩ ጋ ስንደርስ እናቴ ፊቷ ገርጥቶ ሌላ ፌስታል ስትፈልግ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፍጥነቴ ያን ያህል አልነበረም። ችግሩ ሌላ ነው። ኩርባው ጋ ዝም ብዬ እደርሳለሁ፣ መሪውን እጠመዝዛለሁ፣ መሃሉ ላይ ይበዛብኝና ፍሬን እረግጣለሁ፣ ቀጥ ሲልልኝ ደግሞ ነዳጁን እሰጠዋለሁ። መኪናው ወደ ፊት ይደፋል፣ ወደ ጎን ይጋደማል፣ መልሶ ወደ ኋላ ቁጭ ይላል። ሹፌሩ መሪ ስለያዘ፣ የሚመጣውንም ስለሚያውቅ ምንም አይሰማውም። ከኋላ ያለው ሰው ግን እንደ ቅቤ ቅል ይናጣል።

ማርቆስ ያለው አጎቴ በጉልምስናው ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው ይነዳ ነበር። ሁሉንም ስነግረው ሳቀና፣ "ፍሬንህን ኩርባው ሳይመጣ ጨርስ አንተ፣ ከገባህ በኋላማ ምን ታደርገዋለህ?" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎማ መንገዱን የሚይዝበት አቅም ውስን ነው። ፍሬን ስትረግጡም ስትጠመዝዙም ከዛችው ነው የሚቆረሰው። ሁለቱን ባንዴ ከጠየቃችሁት፣ በተለይ ዝናብ ካለ ወይም ጠጠር ካለ፣ መኪናው እናንተን ትቶ ወደ ገደሉ ይሄዳል። ፍጥነቱም ያታልላል። አንዱን ኩርባ በ30 ፈንታ በ60 ስትዞሩት ወደ ውጭ የሚገፋችሁ እጥፍ እንዳይመስላችሁ፣ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ፍጥነት ትቀንሳላችሁ፣ ማርሽ ትቀንሳላችሁ፣ ከዛ መሪውን ለስለስ አድርጋችሁ ትገባላችሁ፤ ውስጡ እያላችሁ ነዳጁን ትንሽ፣ እንዲያው ነካ። መውጫው ሲታያችሁ ብቻ ነው የምትጨምሩት።

አይን ሌላው ጣጣ ነው። እኔ ቦኔቱ ፊት ያለውን አስፋልት ነበር የማየው። አይናችሁን ኩርባው የሚጠፋበት ጫፍ ላይ ካደረጋችሁ እጃችሁ ራሱ ይከተላል። ጫፉ እየቀረበ ከመጣ ኩርባው እየጠበበ ነው፣ ቀንሱ። እየሸሸ ከሆነ እየተከፈተ ነው። ይሄን ካወቅኩ በኋላ መሪውን ኩርባው መሃል ማስተካከል አቆምኩ ማለት ይቻላል።

ወደ ግራ የሚዞረውን መቁረጥ ደግሞ በጣም ያጓጓል፣ በሌላው መስመር በኩል ቀጥ አድርጎ ማለፍ። አታድርጉት። ከዛ ማዶ ተሳቢ የሚጎትት መኪና እየወጣ ከሆነ መንገዱን በሙሉ ነው የሚወስደው፣ ካልወሰደ ተሳቢው አይዞርለትም። ሽቅብ የሚመጣ ካያችሁ ከኩርባው በፊት ቁሙለት። ማዶው ካልታያችሁ ክላክስ። አስፋልቱ ላይ የተቆረጠ ቅጠል ተቀምጦ ካያችሁ ደግሞ ከኩርባው ጀርባ የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነው። አንዳንዱ መኪናውን አስነስቶ ይሄድና ለጎማ ያስደገፈውን ድንጋይ እዛው ጥሎት ይሄዳል፣ እሱን ነገር ባወራ አንጀቴ ያርራል።

ቁልቁለቱን በማርሽ ያዙት። ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱት ይላል አጎቴ። አውቶማቲክ ከሆነ ከዲ አውርዳችሁ 2 ወይም ኤል ላይ አድርጉት። ከጎሃ ጽዮን ወንዙ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚወረደው፣ ታች ደግሞ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ያን ሁሉ በፍሬን ብቻ ከያዛችሁት ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ሆኖ ይገባል። አስፋልቱም መሬቱ ስለሚንሸራተት ቦታ ቦታ ላይ እንደ ማዕበል ተነስቷል፣ እዛ ላይ በግድ ቀስ ነው።

መልስ ላይ ደጀንን ስናልፍ እንደ ፈተና ነበር የያዝኩት። አፌን ዘግቼ፣ ሬዲዮ አጥፍቼ፣ ከእያንዳንዱ ኩርባ በፊት "ጨርስ፣ ጨርስ" እያልኩ። ከኋላ ድምፅ የለም። ተቀይማኛለች ብዬ በመስታወት ሳያት እናቴ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ጎሃ ጽዮን ላይ ነው የነቃችው። "ዓባይን መቼ ነው የምንሻገረው?" አለችኝ።

ወንበሩን ሁለት ጊዜ አሳጥቤዋለሁ። ፀሐይ ሲመታው አሁንም ዶሮ ወጥ ይሸታል።